የስኮትላንድ የዘር ሐረግ ፍለጋ፦ በመዝገብ ወጥቶ በሩቅ ዘመድ መውረድ

የስኮትላንድ ዘሩን የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እያለ 1700ዎቹ ላይ ለመድረስ ይቸኩላል። መንገዱ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ከግላስጎ ተነስተው ካናዳ የገቡ ቅድመ አያት ደብዳቤ የሚጽፉት አገር ቤት ለቀረችው እህታቸው ነበር። ደብዳቤው፣ ፎቶግራፉ፣ የልጆች ስም የተጻፈበት የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ዛሬ ከተገኘ የሚገኘው በእሷ የልጅ ልጆች ቤት፣ ደንዲ ወይም ፔዝሊ ውስጥ አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ በመዝገብ መውጣት፣ ከዚያም በወንድምና በእህት በኩል ወርዶ ዛሬ በሕይወት ያለውን ዘመድ ማግኘት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቤት መጀመር

ኢንተርኔት ከመክፈትዎ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ይሰብስቡ። የሚያስፈልጉት ሙሉ ስም፣ ግምታዊ የልደት ዓመት፣ የትዳር ጓደኛ ስም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቦታ ነው። «ከስኮትላንድ የመጡ ናቸው» የሚለው ብቻውን የትም አያደርስም። አገሪቱ የተመዘገበችው ወደ 900 በሚጠጉ አጥቢያዎች ተከፋፍላ ነው፤ ጆን ማክዶናልድ የሚባል ሰው ደግሞ በብዙዎቹ አለ። ቦታውን የሚነግሩት ብዙ ጊዜ ልብ የማይባሉ ነገሮች ናቸው። በአሮጌ ፎቶ ጀርባ ላይ የፎቶ ቤቱ ስምና ከተማ ይታተም ነበር። የወታደር መሰናበቻ ወረቀት የትውልድ አጥቢያን ይጽፋል። በኖቫ ስኮሺያ ወይም በኒውዚላንድ ኦታጎ ባሉ የድሮ መቃብር ድንጋዮች ላይ «የዚህ አጥቢያ ተወላጅ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል።

1855፦ ትልቁ ወሰን

መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በግዴታ መመዝገብ የጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የስኮትላንድ መዝገብ ከእንግሊዝ ይልቅ እጅግ የበለጸገ ነው። የሞት መዝገቡ የሟቹን አባትና እናት ስም፣ የእናትየውንም ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም ይይዛል። የጋብቻ መዝገቡ የሙሽራውንም የሙሽራይቱንም ወላጆች ይዘረዝራል። ሴትየዋ ባገባችበትም በትውልድ ስሟም ስለምትመዘገብ በሁለቱም መፈለግ ይቻላል። ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ለማትጥልበት አገር ሰው ይህ አይደንቀውም፤ ፈላጊውን ግን ከብዙ ድካም ያድነዋል።

የመጀመሪያው ዓመት፣ 1855 ራሱ፣ ልዩ ነው። በዚያ ዓመት የልደት መዝገብ ላይ የወላጆች ዕድሜና የትውልድ ቦታ፣ የተጋቡበት ቀንና ቦታ፣ ከዚያ በፊት የወለዷቸው ልጆች ብዛት ሳይቀር ተጽፏል። የሞት መዝገቡም የሟቹን ልጆች በስም ይዘረዝራል። ሥራው ለመዝጋቢዎች ስለበዛ በ1856 አብዛኛው ጥያቄ ተሰረዘ፤ የወላጆች የጋብቻ ቀንና ቦታ ወደ ልደት መዝገብ የተመለሰው በ1861 ነው። ስለዚህ ቀጥታ አያትዎ በ1855 ባይወለዱም ባይሞቱም፣ ከወንድሞቻቸው ወይም ከእህቶቻቸው አንዱ በዚያ ዓመት ወልዶ ወይም ሞቶ እንደሆነ ይፈትሹ። ያ አንድ ገጽ የአሥር ዓመት ፍለጋ ሊተካ ይችላል።

መዝገቡ ያለው ስኮትላንድስ ፒፕል በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ነው። ስም መፈለግ ነፃ ነው፤ የመዝገቡን ምስል መክፈት ግን ነጥብ ያስከፍላል። ነጥቡ በገንዘብ ይገዛል። አንዴ የከፈቱት ምስል በስምዎ ስለሚቀመጥ ደግሞ አይከፍሉበትም። የልደት ምስል 100 ዓመት፣ የጋብቻ 75፣ የሞት 50 ዓመት ካልሞላው በኢንተርኔት አይታይም። ከዚያ የቀረበውን ኤድንብራ በሚገኘው የስኮትላንድስ ፒፕል ማዕከል ገብቶ ማየት ወይም የተረጋገጠ ቅጂ ገዝቶ ማስላክ ይቻላል።

ገንዘብ ለመቆጠብ ከሞት መዝገብ ይጀምሩ። አንድ የሞት ምስል ወደ ላይ ያለውን ትውልድ፣ ማለትም አባትና እናትን፣ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ግን ልብ ይበሉ፤ ያን መረጃ የሰጠው ሟቹ አይደለም። አማች ወይም ጎረቤት ከሆነ የሟቹን እናት ስም ተሳስቶ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ከጋብቻ መዝገቡ ጋር ያመሳክሩት፤ እዚያ ላይ ስለራሳቸው የተናገሩት ሙሽሮቹ ናቸው።

በገጹ ኅዳግ ላይ ትንሽ ማጣቀሻ ከተጻፈ አይለፉት። የእርምት መዝገብ የሚባለውን ይጠቁማል፤ ፍርድ ቤት አባትነትን ሲወስን፣ ፍቺ ሲፈጸም ወይም ድንገተኛ አደጋ ሲመረመር ውጤቱ ይገባ የነበረው እዚያ ነው። ከጋብቻ ውጭ በተወለደ ልጅ መዝገብ ላይ የአባት ስም የሚገባው አባትየው አብሮ ቀርቦ ከፈረመ ነበር፤ ካልፈረመ ሳጥኑ ባዶ ይቀር ነበር። ወላጆቹ ኋላ ከተጋቡ በስኮትላንድ ሕግ ልጁ ሕጋዊ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ አንድ ልጅ በልደቱ በእናቱ ስም፣ በቆጠራ በአባቱ ስም ቢገኝ ሁለት ሰው ነው ብለው አይደምድሙ።

ቆጠራና የቤተ ክርስቲያን መዝገብ

የሕዝብ ቆጠራ ከ1841 እስከ 1921 በየ10 ዓመቱ ያለው ክፍት ነው። በ1841ዱ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወደ 5 ብዜት ይጠጋ ነበር፤ «35» የተባለ ሰው እስከ 39 ሊሆን ይችላል። ከ1851 ጀምሮ ዝምድናና የትውልድ አጥቢያ ተጽፏል። ቤተሰቡን በየ10 ዓመቱ በተከታታይ ያውጡ፤ አንዱንም አይዝለሉ። ከቤቱ ጋር አብረው የተቆጠሩት «የእህት ልጅ»፣ «አማት»፣ «ተከራይ» የተባሉት ሰዎች ኋላ ወደ ዘመድ የሚያወርዱዎት ገመዶች ናቸው።

ከ1855 በፊት ያለው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ መዝገብ ነው። ቀዳሚው በፐርዝሺር የኤሮል አጥቢያ ሲሆን ከ1553 ይጀምራል፤ በብዙ የደጋና የደሴት አጥቢያዎች ግን ከ1700ዎቹ መጨረሻ ወይም ከ1800ዎቹ በፊት ምንም የለም። የጥምቀት መዝገቡ ብዙውን ጊዜ የእናትን የትውልድ ስም ይሰጣል። ጋብቻ ተብሎ የተጻፈው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ሠርጉ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን የታወጀበት ቀን ነው፤ ሙሽሮቹ ከሁለት አጥቢያ ከሆኑ በሁለቱም ይገኛል፣ አንዱ ስለሌላው የማይናገረውን ስለሚናገር ሁለቱንም ይክፈቱ። የቀብር መዝገብ ትንሽ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ያለው ለሬሳ ሣጥን መሸፈኛ ጨርቅ የተከፈለ ኪራይ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን የሞት ቀንን በግምት ያሳያል።

ስም ሲጠፋ ምክንያት አለው። ከ1783 እስከ 1794 በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ የ3 ፔንስ ቀረጥ ስለነበር ብዙዎች ሳያስመዘግቡ ቀሩ። በ1843 ከ450 በላይ ካህናት ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ተገንጥለው ነፃ ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ፤ ተከታዮቻቸው የተጠመቁት በሌላ መዝገብ ነው። ደግሞም ሁለት ሰዎች በምስክር ፊት «ተጋብተናል» ብለው መናገራቸው በስኮትላንድ እስከ 1940 ሕጋዊ ጋብቻ ነበር። የጋብቻ ወረቀት አለመኖሩ ጋብቻ አልነበረም ማለት አይደለም።

ስሞቹም ይለዋወጣሉ። ጃኔት ጄሲ ትሆናለች፣ ኢሶቤል ኤልዛቤት፣ ፒተር ፓትሪክ። ጌልኛ የተባለውን የአካባቢው ነባር ቋንቋ በሚናገረው ደጋ ዶናልድ የነበረው ከተማ ሲገባ ዳንኤል፣ አንገስ የነበረው ኤኔያስ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በሼትላንድ እስከ 1800ዎቹ ድረስ ልጅ በአባቱ የመጠሪያ ስም ይጠራ ስለነበር የቤተሰብ ስሙ በየትውልዱ ይቀየራል፤ የአማርኛ አንባቢ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። በአሮጌ ጽሑፍ «ጉድ ሰን» የሚለው «ጥሩ ልጅ» ሳይሆን አማች ነው፤ «ኦይ» የልጅ ልጅ፣ «ሬሊክት» ባሏ የሞተባት ሴት፣ «ከዝን ጀርመን» የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ነው።

የስም አወጣጡም ይረዳል። በልማዱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም ይጠራል፤ የመጀመሪያ ሴት ልጅ በእናቷ እናት፣ ሁለተኛዋ በአባቷ እናት። ሁሉም ቤተሰብ አልተከተለውም፤ ስለዚህ የት መፈለግ እንዳለብዎ ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም።

መውረድ፦ ዛሬ ያለውን ዘመድ ማግኘት

አሁን ቅድመ አያትዎን ከወላጆቻቸው ጋር አግኝተዋል እንበል። የወንድሞቻቸውንና የእህቶቻቸውን ስም በሙሉ ከ1881 እስከ 1921 ካሉት ቆጠራዎች ያውጡና ለእያንዳንዳቸው ጋብቻ፣ ልጆች፣ ሞት ይፈልጉ። ሁሉንም እኩል አይሂዱ። ከአጥቢያው ያልወጡትን ያስቀድሙ፤ ዕቃ የሚቀረው በቀረው ሰው እጅ ነውና።

እዚህ ላይ በሞት መዝገቡ መጨረሻ አካባቢ ያለውን፣ ብዙ ሰው የማያነበውን ዓምድ በደንብ ይዩት፤ የአስመዝጋቢው ፊርማ ያለበትን። ፊርማው ሥር ዝምድናው ይጻፋል፤ «ልጅ»፣ «አማች»፣ «የወንድም ልጅ»። አብሮ የማይኖር ከሆነ አድራሻውም አለ። በ1960ዎቹ የሞተች አሮጊት መዝገብ ላይ የእህቷ ልጅ ስም፣ የመንገዱ ስምና የቤት ቁጥር ተጽፎ ሲያገኙ ከሙት ወደ ሕያው የሚያሻግረውን ድልድይ አገኙ ማለት ነው። ከዚያ የዚህን ሰው ጋብቻ፣ ከዚያ የልጆቹን ስም መከተል ነው።

ሁለተኛው ድልድይ ያላገባች አክስት ናት። ልጅ የሌላት ሴት ስትናዘዝ ንብረቷን ለወንድሞቿና ለእህቶቿ ልጆች ታከፋፍላለች፤ ኑዛዜው እያንዳንዳቸውን በስም፣ ሴቶቹን ባገቡበት ስም፣ ብዙ ጊዜም ከሚኖሩበት ከተማ ጋር ይጠራል። ከ1514 እስከ 1925 ያለው ኑዛዜ እዚያው ድረ ገጽ ላይ አለ። አንድ የላጤ አክስት ኑዛዜ ከካናዳ ቶሮንቶ እስከ ኒውዚላንድ ደኒደን የተበተነን ቤተሰብ በአንድ ገጽ ሲሰበስብ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የአካባቢው ጋዜጣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍና የአካባቢ የዘር ጥናት ማኅበር ይቀራሉ። የኦርክኒ፣ የሼትላንድ፣ የግላስጎና ምዕራብ ስኮትላንድ ማኅበራት የየአጥቢያውን መቃብር ጽሑፍ ሰብስበዋል፤ አባሎቻቸው የትኛውን ቤተሰብ እንደሚያጠኑም መዝግበዋል። ድንጋይ በነፋስና በዝናብ ስለሚጠፋ ከ40 ዓመት በፊት የተገለበጠው ጽሑፍ ዛሬ በቦታው ከሚነበበው ሊሻል ይችላል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

ብዙ ፍለጋ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዘመድ ያገኘ ሰው በደስታ ተሞልቶ 3,000 ስም ያለበት ፋይል ይልካል፤ ተቀባዩ ደንግጦ አይመልስም፤ ወይም አጭበርባሪ መስሎት ይጥለዋል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በመጀመሪያው መስመር የጋራ አያታችሁን ስም፣ ቦታና ዓመት ይጻፉ፤ ሁለታችሁም ከማን እንደምትወርዱ በሁለት አጭር መስመር ያሳዩ፤ በሕይወት ያለ ሰው የልደት ቀን አይጻፉ። የአንድ አሮጌ ፎቶ ቅጂ ያያይዙ። ፎቶ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳምናል፤ ምናልባት ያው ፎቶ በእነሱም ቤት አለ። ገንዘብ፣ ውርስ ወይም ንብረት እንደማይፈልጉ በግልጽ ይናገሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፉ በስም ብቻ አይጥሯቸው፤ ሚስተር ወይም ሚስዝ ብለው ከቤተሰብ ስማቸው ጋር ይጥሩ። ከጋብቻ ውጭ መወለድን፣ እስርን፣ ራስን ማጥፋትን የሚመለከት ነገር ካገኙ በመጀመሪያው ደብዳቤ አያንሱት። እርስዎ ዘንድ የ120 ዓመት መረጃ የሆነው እነሱ ዘንድ የእናታቸው ምሥጢር ሊሆን ይችላል።

ከሦስት ጥያቄ በላይ አይጠይቁ፤ ጥያቄውም በዕቃ ይሁን። «ስለ ቤተሰቡ የሚያውቁትን ይንገሩኝ» ቢሉ መልሱ «ብዙ አላውቅም» ነው። ይልቅስ፦ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ቅዱስ አለ? ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ የተቀመጠ አለ? የመቃብሩ ወረቀት ማን ጋ ነው? ይህ የመጨረሻው በስኮትላንድ «ሌር» የሚባለው የመቃብር ቦታ ባለቤትነት ሰነድ ነው፤ ቦታውን ማን እንደገዛና ማን እንደወረሰው ያሳያል፣ አንዳንዱም ማን በየትኛው ቀን እንደተቀበረ ይዘረዝራል።

6 ሳምንት ይጠብቁ፤ ካልመለሱ አንድ ጊዜ ብቻ በአጭሩ ያስታውሱ፤ ከዚያ ይተዉና ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ይሂዱ።

መልስ ሲመጣ ዝምድናውን በእነሱ አቆጣጠር ማወቅ ይጠቅማል። ፈርስት ከዝን አያት የሚጋሩ፣ ሰከንድ ከዝን ቅድመ አያት የሚጋሩ፣ ሰርድ ከዝን የቅድመ አያትን ወላጆች የሚጋሩ ናቸው፤ «ዋንስ ሪሙቭድ» ሲባል በመሀል የአንድ ትውልድ ልዩነት አለ ማለት ነው። ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ ሰው ከባድ አይደለም።

ከአረጋዊ ዘመድ ጋር በስልክ ወይም በቪዲዮ ሲነጋገሩ አስፈቅደው ድምፅ ይቅዱ። ከዓመተ ምሕረት አይጀምሩ፤ ሰው ቀን ይረሳል፣ ቤት ግን አይረሳም። አያታቸው ቤት ውስጥ ማን የት እንደሚተኛ፣ ለገና ማን እንደሚመጣ፣ ቀብር ላይ ማን ፊት እንደቆመ ይጠይቁ። «አክስት» የተባለች ሁሉ አክስት አይደለችም፤ እኛም ጎረቤቱን እትዬ እንደምንለው እነሱም የእናታቸውን ጓደኛ አንቲ ይላሉ። ስሟን ይመዝግቡ፤ በመዝገብ እስኪረጋገጥ ግን ሐረጉ ላይ አይስቀሏት።

ዲኤንኤ የሚረዳውና የማይረዳው

መዝገብ ሲቋረጥ የዲኤንኤ ምርመራ ሁለት ቅርንጫፎችን ሊያገናኝ ይችላል። ገንዘብ ለአንድ ምርመራ ብቻ ካለ ለራስዎ አያድርጉት፤ በሕይወት ላሉት ትልቅ ሰው ያድርጉት። አክስትዎ ከቅድመ አያትዎ የያዙት በአማካይ እርስዎ ከያዙት እጥፍ ነው። በምራቅ የሚወሰድ ከሆነ ናሙናው ከመሰጠቱ በፊት ለ30 ደቂቃ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይጨስም። አስቀድመው ግን ይንገሯቸው፤ ያልተጠበቀ አባት ወይም ግማሽ ወንድም ሊወጣ ይችላል፤ ይህን ሰምተው ከተስማሙ ብቻ ይቀጥሉ።

ውጤቱ የሚለካው ሴንቲሞርጋን በሚባል፣ ሁለት ሰዎች የሚጋሩትን ዲኤንኤ መጠን በሚያሳይ መለኪያ ነው። ፈርስት ከዝን በአማካይ ወደ 870፣ ሰከንድ ከዝን ወደ 230፣ ሰርድ ከዝን ወደ 70 ይጋራሉ፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ከ10 ሰርድ ከዝኖች አንዱ ገደማ ምንም ላይጋራ ይችላል፤ ከፎርዝ ከዝኖች ደግሞ ግማሽ ያህሉ። ስለዚህ አለመገናኘት ዘመድ አይደለም አያሰኝም። በሉዊስ፣ በሼትላንድ ወይም በኦርክኒ ደሴቶች ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ ሰዎቹ ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ስለተጋቡ ቁጥሩ ከእውነተኛው ዝምድና በላይ ይወጣል፤ ሰርድ ከዝን የሚመስለው በአምስት የተለያየ መንገድ የሚገናኝ የሩቅ ሰው ሊሆን ይችላል። እዚያ ከጠቅላላው ድምር ይልቅ የረጅሙን አንድ ቁራጭ ርዝመት ይመልከቱ።

ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ የቤተሰብ ስምን ለመከተል ጥሩ ነው፤ ግን ስምና ደም አንድ አይደሉም። በደጋው ጭሰኛው የባለ መሬቱን ጎሳ ስም ይይዝ ነበር። ማክግሬጎር የሚለው ስም በ1603 በሕግ ታግዶ፣ በ1661 ተፈቅዶ፣ በ1693 እንደገና ታግዶ፣ በመጨረሻ የተፈታው በ1774 ነው፤ በዚያ መሀል ብዙዎቹ ካምቤል፣ ድረመንድ፣ መሪ የሚል ስም ይዘው ቀርተዋል። ካምቤል መባል ከካምቤል አለቃ መወለድ አይደለም፤ ታርታን የሚባለውን የጎሳውን ባለ መስመር ጨርቅ የሚሸጥ ሱቅ ይህን አይነግርዎትም።

ከመጻፍ በፊት ማረጋገጥ

በጣም የተለመደው ስህተት ስሙና ዓመቱ የገጠመውን የመጀመሪያ ሰው መውሰድ ነው። በአንድ አጥቢያ በ1810 አካባቢ ሁለት ጆን ማክዶናልድ ከተጠመቁ ሁለቱንም እስከ ሞት ይከተሏቸው። አንዱ በሕፃንነቱ ሞቶ ከሆነ፣ ወይም በ1841 ከሌላ ሚስት ጋር ከተቆጠረ፣ የእርስዎ አይደለም። ሌላውን በማስወጣት የሚገኝ ማስረጃ አድካሚ ነው፤ የሚጸናው ግን እሱ ነው። ከሩቅ ዘመድ የመጣ ሐረግንም እንዲሁ ይፈትሹ፤ ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ሐረግ ቢልክልዎ ሦስቱም ከአንድ ሰው ገልብጠው ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ መስመር የአጥቢያውን ቁጥርና የምዝገባውን ቁጥር ይጻፉ፤ ለምሳሌ የግላስጎ ከተማ አጥቢያ ቁጥር 644፣ የደንዲ 282 ነው። ቁጥር የሌለውን መስመር በእርሳስ ይተዉት።

ያገኙትን ምስል ለረዳዎት ዘመድ ይላኩ፤ የእነሱን ዕቃ ፎቶ ሲያነሱም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከፋይሉ ስም ጋር ያስገቡ። እዚያው ድረስ ለመሄድ ካሰቡ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የ1800ዎቹን ዝርዝር ካርታዎች በነፃ በኢንተርኔት ስላስቀመጠ ዛሬ የፈረሰውን የእርሻ ቤት ስም ከመነሳትዎ በፊት ይፈልጉ። ሉዊስ ደሴት ከሆነ የሚሄዱት፣ ሽማግሌዎቹ ሥራዎን ወይም የመጡበትን ከተማ ከመጠየቃቸው በፊት በጌልኛ «ኮ ሌሽ ኡ?» ሊሉ ይችላሉ፤ የማን ነህ፣ የማን ነሽ ማለት ነው። በእጅዎ ካለው ወረቀት ላይ አያንብቡ፤ ከእርስዎ ጀምሮ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ደሴቱን ለቀው እስከ ሄዱት ሰው ድረስ ስሞቹን በቃልዎ ይዘው ይሂዱ፤ በመጨረሻም የመንደሩን ስም ይጨምሩ።